ውሃ በደጋ ለምን ቶሎ ይፈላል?

እናቶች ሆይ! የባቄላ ንፍሮ ወረታ ላይ ቶሎ ሲበስል፥ ደብረ ታቦር ላይ ብዙ እንጨት ይፈጃል። ጥፋቱ የባቄላው አይደለም፤ የአየሩ ነው።

አየር ክብደት አለው። በድስት ያለውን ውሃ ከላይ ይጫነዋል። ወደ ደጋ በወጣን ቍጥር ከበላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ጭነቱ ይቀላል፤ ውሃውም ብዙ ሳይግል ይንተከተካል። በቀይ ባሕር ዳር በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ደብረ ታቦር በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ታዲያ ልጅን ተቅማጥ የሚያሲዙት ተሐዋስያን በዚህ ሙቀት ይሞታሉን? አዎን፥ ይሞታሉ፤ ከ70 ዲግሪ በላይ ብዙ አይቆዩም። ሆኖም በደጋ አገር ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ሰዓት ከሌለ ልጅቱ ቀስ ብላ እስከ 200 ትቍጠር፤ ለትምህርቷም ይበጃታል። ከዚያ በላይ ማፍላት እንጨት ማባከን ነው።

የምንጩ ውሃ ጠርቷልና አይፈላም አትበሉ፤ ተሐዋስያን በዓይን አይታዩም። የደፈረሰ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ከፈላ በኋላ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። ሲጠጣም ማንም እጁን አይንከርበት፤ እጀታ ባለው ንጹሕ መቅጃ ይቀዳ።