የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝና የሥራው ደንብ
ለአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምትና መሬት ለያዙ ሰዎች የተጻፈ ትምህርት

ብልህ ገበሬ ክረምት ከመግባቱ አስቀድሞ በሬውን ድርቆሽ ይመግባል፤ የከሳ በሬ ሞፈር ሲጎትት ከትልሙ ላይ እንደሚወድቅ ያውቃልና። ሰውን ከእንስሳ ለማመሳሰል አይደለም፤ ነገር ግን በሬውን እንዲህ የሚጠብቅ አገር ለገበሬው እንዲያገለግል የላከውን ሠራተኛ ደመወዝ ቸል ሲል መታየቱ የሚያሳዝን ነው። ደመወዝ የሠራተኛው ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ነገሩን እስከ ሥሩ ብንመረምር የገበሬው ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህንንም ከዚህ ቀጥሎ በየተራው እንገልጻለን።

1ኛ፤ ደመወዝ ከመቆሙ በፊት

በቀድሞው ዘመን ሹም ከመንግሥት ግምጃ ቤት በየወሩ የሚቀበለው የተቈረጠ ገንዘብ አልነበረውም። ለአገልግሎቱ ዋጋ ማደሪያ መሬት ይሰጠዋል፤ ወይም የተቈጠሩ ገባሮች ይመደቡለታል። ገባሩም እህሉን፣ ማሩንና ማገዶውን ያቀርብለታል፤ እርሻውን ያርስለታል፤ ቤቱንና አጥሩን ይሠራለታል። ሹሙ ምን ያህል መቀበል እንደሚገባው በልማድ ይታወቅ እንጂ፣ ከልማዱ አልፎ ሲጠይቅ ገባሩ ወደ ማን እንደሚጮህ አይታወቅም ነበር። የሚከሰሰውና የሚዳኘው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበርና።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ተረት የክፉ ጠባይ ምስክር አድርጎ ይጠቅሰዋል። ነገር ግን የሥርዓቱም ምስክር ነው። ሹመቱ ራሱ መብል ከሆነ፣ የሹመቱም ዘመን የማይታወቅ ከሆነ፣ ሹሙ በቶሎ መብላቱ የማይቀር ነው። የሚበላውም ከገበሬው ጎተራ ነበር።

2ኛ፤ ደመወዝ እንዴት እንደ ቆመ

በ1934 ዓ.ም. የአገር ግዛት አስተዳደርን ለመወሰን የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 1 ይህን ልማድ ለመለወጥ የታሰበ ነበር። ጠቅላይ ገዢዎችና ከእነርሱ በታች ያሉት ሹማምት የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው በደመወዝ እንዲያድሩ ተደረገ። ለዚህም ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና የመሬት ግብር በገንዘብ ሆነ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት በጋሻ በተለካው አገር፣ የአሥራቱ ምትክ ተጨምሮ፣ ለም መሬት በጋሻ 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40 ብር፣ ጠፍ 15 ብር እንዲከፍል ተወሰነ።

የዚህን ትርጉም ልብ ማለት ይገባል። ገበሬው ግብሩን ለግምጃ ቤት ከከፈለ በኋላ የሹሙን ድግስና የሹሙን ጓሮ ዳግመኛ አይሸከምም ማለት ነው። ደመወዝ ለሹሙ የተሰጠ ስጦታ ብቻ ሳይሆን ለገበሬው የተገባ ቃል ኪዳን ነበር። ይሁን እንጂ ሕግ በአንድ ቀን ይጻፋል፤ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይሻርም። የጉልት ጥቅም በ1958 ዓ.ም. እስኪቀር፣ የገጠር መሬትም በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት እስኪሆን ድረስ አሮጌው ሸክም በብዙ ስፍራ ከአዲሱ ግብር ጋር ጎን ለጎን ይኖር ነበር።

የሠራተኛው ቅጥርና ደመወዝ በአንድ ደንብ እንዲመራ ለማድረግ የማዕከላዊ ሠራተኛ አስተዳደር መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 23 በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የመንግሥት መልክ ቢለዋወጥም አሳቡ ጸንቶ ቆይቷል፤ ይኸውም ደመወዝ የሚሰጠው ለሥራው እንጂ ለሰውየው ዘር ወይም ለአለቃው ፈቃድ አይደለም የሚለው ነው።

3ኛ፤ ደመወዝ እንዴት እንደሚወሰንና ምን ያህል እንደሚደርስ

እያንዳንዱ ሥራ የሚጠይቀው ዕውቀት፣ ኃላፊነትና ድካም ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃው መነሻ ደመወዝ፣ እርከንና ጣሪያ አለው። ሠራተኛው በመልካም ሥራው ከእርከን ወደ እርከን ይወጣል። አለቃው የወደደውን ከፍ፣ የጠላውን ዝቅ ለማድረግ ሥልጣን የለውም።

በፌዴራል መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሠራበት በተወሰነው ስኬል ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከ9,056 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ክልሎች የየራሳቸውን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስለሚያወጡ እያንዳንዱ ሹም የክልሉን ሕግ አስቀርቦ መመልከት ይገባዋል።

በወረቀት ላይ የተጻፈውና በእጅ የሚገባው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ በምሳሌ እናስረዳ። 6,000 ብር ያለው ሠራተኛ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከመጀመሪያው 2,000 ብር ላይ ግብር አይከፍልም። ከሚቀጥለው 2,000 ብር ከመቶ 15፣ ማለት 300 ብር ይከፍላል። ከቀረው 2,000 ብር ከመቶ 20፣ ማለት 400 ብር ይከፍላል። ለጡረታ ደግሞ ከደመወዙ ከመቶ 7፣ ማለት 420 ብር ይቀነስበታል። ስለዚህ በእጁ የሚገባው 4,880 ብር ነው። ከዚህ የቤት ኪራዩን፣ የእህሉንና የልጆቹን ወጪ ይሸፍናል። ይህን ሒሳብ የማያውቅ አለቃ «ደመወዝ ይበላል፤ ምን ጎደለበት» ብሎ በከንቱ ይፈርዳል።

4ኛ፤ የሥራው ሁኔታ

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የሥራው ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 20 የሥራ ቀን ሆኖ በአገልግሎት ዘመን ብዛት እስከ 30 ቀን እንዲደርስ፣ ለወላድ እናትም ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር እንዲሰጥ አዘዘ። በ2017 ዓ.ም. ይህን አዋጅ አዋጅ ቁጥር 1353 ስለ ተካው፣ በአሮጌው ብቻ ተመርቶ የሚፈርድ ሹም እንዳይሳሳት አዲሱን ከጠረጴዛው ላይ ያኑር።

ከሁሉ ይልቅ ልናስታውሰው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሠራተኛ ደመወዝ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሕግ ካልፈቀደ በቀር ሊቈረጥ አይገባም። ሲቈረጥም ከደመወዙ ከሢሶው መብለጥ የለበትም። በስብሰባ ላይ «ተስማምታችኋል» ተብሎ ሁሉም እጁን ስላወጣ የአንድ ወር ደመወዝ ለመዋጮ ማዋል የጽሑፍ ፈቃድ አይባልም። አለቃው ፊት ተቀምጦ ሲመዘግብ እጁን የማያወጣ ማን ነው? ሥራው መልካም ቢሆን እንኳ፣ ፈቃድ በፍርሃት ከተገኘ ፈቃድ መባሉ ይቀራል።

ስለ ጡረታም ሠራተኛው ከመቶ 7 ሲያዋጣ መንግሥት ከመቶ 11 ያዋጣል። ይህ ገንዘብ የሽምግልናው እንጀራ ነውና መሥሪያ ቤቱ በየወሩ በጊዜው ገቢ ማድረግ ግዴታው ነው።

5ኛ፤ ይህ ለእርሻ ምን ይጠቅማል

በየገጠር ቀበሌው ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት የልማት ሠራተኞች እንዲቀመጡ የተደረገው ገበሬውን እንዲያስተምሩ ነው። እስቲ ከእነዚህ አንዱን እናስብ። ከወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ይኖራል። የግንቦት ደመወዙ ሰኔ አጋማሽ ድረስ አልመጣም። ለመጠየቅ ወደ ወረዳው ይሄዳል፤ «ነገ ተመለስ» ይባላል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቀራል። በዚያው ሰሞን የማዳበሪያ ዕዳ እንዲሰበስብ፣ ግብር እንዲቀሰቅስ፣ ለስብሰባም ሰው እንዲጠራ ይታዘዛል። ገበሬው ግን በቆሎውን በመስመር መዝራት ነበረበት፤ ተምቹም ማሳው ውስጥ ገብቷል። አስተማሪው የለም።

ሠራተኛው በተመለሰ ጊዜም ዕዳ ተሸክሞ ይመጣል። ከባለ ሱቁ በዱቤ ወስዷል፤ ከአንዱ ባለጠጋ ገበሬ ጤፍ ተበድሯል። እንግዲህ ምርጥ ዘር አጥሮ ሲከፋፈል ስሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጻፈው የማን ይመስላችኋል? ሠራተኛው ሌባ አይደለም፤ ነገር ግን ባለ ዕዳ ሆኗል። ባለ ዕዳም ቀጥ ብሎ አይፈርድም። በ1934 ዓ.ም. በሕግ የተዘጋው አሮጌው መንገድ እንዲህ ሆኖ በጓሮ በር ይከፈታል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ዳግመኛ ከገበሬው ጎተራ ይወጣል። የሚጎዳውም አበዳሪው ባለጠጋ ሳይሆን ዘር ያልደረሰው ድኻው ነው።

6ኛ፤ ሹማምት ሊያደርጉት የሚገባ

ደመወዝ በወሩ መጨረሻ መከፈሉን ሹሙ ራሱ ይመርምር፤ የዘገየ እንደ ሆነ ምክንያቱን ለሠራተኛው በግልጽ ያስታውቅ። ሩቅ ያለው ሠራተኛ ለደመወዝ ሲል ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ ገንዘቡ የሚደርስበትን መንገድ ያብጅለት። በዘርና በአረም ወራት የልማት ሠራተኛውን ለሌላ ሥራ አይጥራው። ከሰዓቱ በላይ ያሠራው እንደ ሆነ የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ ወይም ምትክ ዕረፍት ይስጠው። መዋጮ ሲጠይቅ ሰዎች «አልችልም» ብለው ያለ ቅጣት ወደ ቤታቸው መግባት እንዲችሉ ያድርግ።

መሬት የያዛችሁም ሰዎች ለሠራተኛ በማበደር ወዳጅነት አትግዙ። ዛሬ የተሰጠው ቁና ጤፍ ነገ የጎረቤታችሁን ዘር ይወስዳል።

ሠራተኛም በበኩሉ ደመወዙ በጊዜው ከደረሰው በኋላ ሥራውን ቢያጓድል፣ ወይም ከባለጉዳይ መማለጃ ቢቀበል ምክንያት አይኖረውም፤ በሕግ ይጠየቃል። አለቃው ግን የሚገባውን ከልክሎ የሚገባውን ሥራ ሲጠይቅ ፍርዱ ሚዛን የለውም። መጀመሪያ ደመወዙን እንክፈል፤ ከዚያም ሥራውን እንጠይቅ። ገበሬውም ግብሩን አንድ ጊዜ ከፍሏልና ሁለተኛ አናስከፍለው።