የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሁከትና የመሬት ሽቦ ጥቅም

የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ ለባለቤቱ ሥራውን በሚፈጽምበት ጊዜ ለሌላው ዕቃ ሁከት ሊሆን ይችላል። መፍጫው ሲዞር ራዲዮው የሚንኮሻኮሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይኸውም በሞተሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ከሚሽከረከረው ክፍል ጋር ሲፋተግ ጥቃቅን ብልጭታ ስለሚፈጠርና ከብልጭታውም የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ስለሚወጣ ነው። የዛሬዎቹ የስልክ ቻርጀሮች ብልጭታ ባይኖራቸውም፣ ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ በብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየቆራረጡ ስለሚያሳልፉት እነርሱም ሁከት ያመነጫሉ። ሁከቱ ከፊሉ በአየር፣ ከፊሉም በዚያው በኤሌክትሪክ መስመር ይጓዛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሲስፕር የተባለው የራዲዮ ሁከትን የሚመለከት ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ የአውሮፓ ማኅበርም በ1989 የጋራ ደንብ አውጥቷል። ደንቡን የሚያከብር ፋብሪካ እንደ ዕቃው ዓይነት በውስጡ ማጣሪያ ያገባል። ዋጋ ለመቀነስ የሚሽቀዳደመው ግን ከውጭ የማይታይ ስለሆነ አስቀድሞ የሚያስቀረው ይህንኑ ማጣሪያ ነው።

ማጣሪያው ቢኖርም እንኳ ገላው ብረት በሆነ ዕቃ ላይ ሁከቱን የሚያፈስሰው ቢጫና አረንጓዴ በሆነው የመሬት ሽቦ በኩል ነው። አስመጪዎች በብርቱ ሊያስቡበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ማይክሮዌቭ ወይም የልብስ ማጠቢያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና አለው፤ በኢትዮጵያ ቤቶች በብዛት የሚገኘው ሶኬት ግን ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ባለሱቁ አዳፕተር ጨምሮ ይሸጣል፤ ከርካሾቹ አዳፕተሮች ብዙዎቹ የመሬት መገናኛ የላቸውም። ያን ጊዜ ማጣሪያው መውጫ ያጣና ከ220 ቮልቱ ግማሽ ያህሉ በዕቃው ገላ ላይ ይገኛል። ገዢው «ነዘረኝ» ብሎ ሲመለስ «ነጠላ ጫማ አድርገው ይንኩት» የሚል ባለሱቅ አይጠፋም። በማጣሪያው በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በራሱ አይገድልም፤ ነገር ግን ንዝረቱ የመሬቱ ሽቦ እንዳልተገናኘ ያስታውቃል። አንድ ቀን የውስጡ ሽቦ ተልጦ ገላውን ቢነካ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለሆነም ዕቃው ሲታዘዝ በጎኑ የመሬት መገናኛ ያለው ክብ ስፒና እንዲደረግለት በውሉ ላይ ማስጻፍ፣ ለገዢውም የቤቱን የመሬት መስመር በባለሙያ እንዲያስመረምር መንገር ይገባል።

ሁከትንና የቮልት መዋዠቅን አንድ አድርጎ የሚያይ ገዢም ብዙ ነው። ተራ ስታብላይዘር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ሁከቱን አያጣራምና፣ ለራዲዮ መንኮሻኮሽ መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ደንበኛ ያሳጣል።

የቻርጀሮችን ናሙና ለማወዳደር አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ በመካከለኛ ሞገድ ላይ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ይደረግና፣ ቻርጀሮቹ ስልክ እየሞሉ ሳሉ በየተራ ይቀርቡለታል። አንዱ ጥቂት ሲርቅ ድምፁ ይጠፋል፤ ሌላው ከክፍሉ ማዶ ሆኖ እንኳ ያንጫጫል። ይህ የላቦራቶሪ ምስክር ወረቀትን አይተካም፤ ሆኖም ኮንቴይነሩ ከመታዘዙ በፊት የትኛው ናሙና ለምርመራ ሊላክ እንደሚገባ ለመለየት ይረዳል።