ኪናሪዮን፦ ከማዕድ በታች ያለው ትንሽ ውሻ
(ማቴ. 15፡21-28፤ ማር. 7፡24-30)



ጌታችን ወደ ጢሮስና ሲዶና አገር በሄደ ጊዜ፣ ልጇ በክፉ መንፈስ የተያዘችባት አንዲት አረማዊት እናት ወደ እርሱ ቀረበች። ጌታም የልጆችን ምግብ ወስዶ ለቡችሎች መስጠት ተገቢ እንዳልሆነ ነገራት። ይህን ንባብ የሚሰማ ሁሉ፣ መሐሪው ጌታ ስለ ምን እንዲህ ተናገረ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ውሻ «ኪዮን» ይባላል። ቅዱስ ነገር እንዳይሰጠው የተከለከለው (ማቴ. 7፡6)፣ የአልዓዛርንም ቁስል የላሰው (ሉቃ. 16፡21) ይኸው የደጅ ውሻ ነው። በዚህ ታሪክ የምናገኘው ቃል ግን «ኪናሪዮን» ነው፤ ትርጉሙም ትንሽ ውሻ ማለት ነው። በአዲስ ኪዳን 4 ጊዜ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ 4ቱም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ናቸው።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ቡችላ» ይለዋል። መልካም ትርጉም ነው፤ ነገር ግን ቡችላ ዕድሜን ያመለክታል። በጣርማ በር ደጋ፣ ብርዱ በሚበረታበት አገር፣ ቡችላ ከምድጃው አጠገብ ቢተኛ የሚከለክለው የለም፤ ካደገ በኋላ ግን በውርጭ እያደረ በረቱን ከጅብ ይጠብቃል። ኪናሪዮን ግን ቢያረጅም እንኳ ከቤት የማይወጣ ውሻ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ መምህራን ቃሉ የፍቅር አጠራር ስለሆነ ንግግሩ ምንም ጥንካሬ የለውም ይላሉ። በዘመኑ ግሪክኛ ግን እንዲህ ያለው የቃል መድረሻ ሁልጊዜ ትንሽነትን አያሳይም። በጌቴሴማኒ የተቆረጠው የሊቀ ካህናቱ አገልጋይ ጆሮ በጥንታውያን ቅጂዎች በዚሁ መድረሻ ተጽፏል (ማር. 14፡47)፤ ጆሮው ግን የሕፃን ጆሮ አልነበረም። ደግሞስ «ቡችላ» ተብሎ ደስ የሚለው ማን ነው? ስለዚህ የንግግሩን ጥንካሬ ከምእመናን አንሰውር።

የምሥጢሩ ቁልፍ ውሻው ያለበት ስፍራ ነው። ሴቲቱ ቃሉን ሰምታ አልተቆጣችም፤ ይህ ውሻ ከደጅ ሳይሆን ከጌታው ማዕድ በታች እንዳለ አስተዋለች። የልጆች ድርሻ ይቀነስ አላለችም፤ ልጆቹ እየበሉ ሳሉ የሚወድቀው ፍርፋሪ ይበቃል አለች። ማርቆስም ልጆች «አስቀድሞ» መጥገብ እንዳለባቸው ይጽፋል፤ «አስቀድሞ» ያለ «ቀጥሎ» የሚባልም አለው። ማቴዎስ ይህን ታሪክ የጻፈው 12 መሶብ በተረፈበትና 7 ቅርጫት በተረፈበት በሁለቱ ማዕዶች መካከል መሆኑን ልብ እንበል። በዚህ ጌታ ቤት እንጀራ ይተርፋል። ጌታም እምነቷን አመሰገነ፤ ልጇም ዳነች።

እኛስ? በአገራችን ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን በንቀት ስም መጥራትና ከማዕድ መለየት የቆየ ነውር ነው። ማድጋዋን ገዝተን ባለሙያዋን ከደጅ የምንመልስ ከሆነ፣ ለሰው የነፈግነውን ስፍራ ለቡችላ ሰጥተናል ማለት ነው። ጌታ ያቺን እናት በፍርፋሪ አላሰናበታትም፤ የለመነችውን ሁሉ ሰጣት።

ለውይይት፦
1. ሴቲቱ በ«ኪናሪዮን» ውስጥ ያየችው ተስፋ ምንድን ነው?
2. በቁምስናችን ከደጅ የቀረው ማን ነው? ወደ ማዕዱስ ማን ይጥራው?