ሾርት ሺፍተር እና የመፈንቅል ትምህርት

ተማሪዎቻችን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ መፈንቅልን የሚማሩት ድንጋይ በዲጂኖ ሲፈነቀል በሚያሳይ ሥዕል ነው። ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ ልጅ ዲጂኖ ጨብጦ ላያውቅ ይችላል፤ የመኪና ማርሽ ግን ያውቃል። በዕረፍት ሰዓት ስለ ሱባሩ እና ስለ ሾርት ሺፍተር የሚደረገው ክርክርም ከቢሯችን ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ዘንድሮ ትምህርቱን በዚሁ በኩል ለማቅረብ ወደድን። ወላጆችም ገንዘቡ ከእናንተ ኪስ የሚወጣ ነውና አብራችሁ ብታነቡት መልካም ነው።

ሾርት ሺፍተር ከፋብሪካው ዘንግ ፈንታ የሚገጠም፣ ማርሽ ስንቀይር እጃችን የሚሄደውን ርቀት የሚያሳጥር ዘንግ ነው። ማንኛውም የማርሽ ዘንግ መፈንቅል ነው። ኳስ የመሰለ መደገፊያ አለው፤ ከመደገፊያው በላይ ያለውን ክንድ እጃችን ይይዘዋል፣ ከበታች ያለው ጫፍ ማርሹን ይገፋል።

በምሳሌ እናስላው። የላይኛው ክንድ 24 ሴንቲ ሜትር፣ የታችኛው 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ማርሹ እንዲገባ የታችኛው ጫፍ 1.5 ሴንቲ ሜትር መሄድና በ80 ኒውተን መግፋት አለበት እንበል። እጃችን 6 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ የሚያስፈልገው ጉልበት 20 ኒውተን ነው። አሁን የታችኛውን ክንድ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር እናስረዝመው። እጃችን የሚሄደው 4.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ጉልበቱ ግን ወደ 26.7 ኒውተን ገደማ ያድጋል። ርቀቱ በሩብ ቀነሰ፣ ጉልበቱ በሲሶ ጨመረ። ሥራው በሁለቱም ጊዜ 1.2 ጁል ነው። እዚህ ኬንያ መሪው በቀኝ ስለሆነ ይህን ጭማሪ የሚሸከመው ግራ እጅ መሆኑንም አትርሱ።

የላይኛውን ክንድ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር በማሳጠር ብቻ የተሠራ ዘንግስ? ተማሪዎች ራሳችሁ አስሉት። ቁጥሩ ያው ይመጣል፤ ነገር ግን እጅ ከመሪው ወርዶ ዝቅ ብሎ መያዝ ይኖርበታል።

ዋናው ጉዳይ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ማርሽ ከመግባቱ በፊት ሲንክሮናይዘር የሚባል ቀለበት በሰበቃ የሁለቱን ክፍሎች ፍጥነት ያስተካክላል። ለዚህ ጥቂት ጊዜ ያስፈልገዋል። አጭር ዘንግ የያዘ ሰው ደግሞ መቸኮል ይወዳል፤ ቀለበቱ ሥራውን ሳይጨርስ በኃይል ከተገፋ ቶሎ ያልቃል። ቀለበቱን ለመቀየር ካምቢዮው ወርዶ መፈታት አለበት፤ ወጪው ከዘንጉ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የቤተሰብ እንጀራ የሚገኝበት መኪና ከሆነ የቆመበትንም ቀን ቁጠሩ።

ስለዚህ ኪሪንያጋ መንገድ ወርዳችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን ዘንግ ወዝውዙት። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ከሆነ ብዙ ጊዜ ያለቀው የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቡሺንግ ነው። እሱን መቀየር ርካሽ ነው፤ በእኛ እምነት አብዛኛው ሰው የሚፈልገውን ጥንካሬ የሚያገኘውም ከዚያ ነው። ከዚያ በኋላም የምትገዙ ከሆነ ለዚያው ሞዴልና ለዚያው ካምቢዮ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ባሉት መኪናዎች ዘንጉ ካምቢዮው ላይ በቀጥታ ይቀመጣል። ሞተራቸው በፊት በአግድም ተቀምጦ የፊት ጎማ በሚነዱት ብዙ መኪናዎች ግን እንቅስቃሴው በኬብል ስለሚተላለፍ አገጣጠሙ ሌላ ነው።

ዘንጉ በቀጥታ ለሚቀመጥበት መኪና ሥራው ረጅም አይደለም፤ ቢሆንም ተማሪ ብቻውን አይሞክረው፣ መካኒክ አጠገቡ ይኑር። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማው ይታገድ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ። እጀታው፣ ሽፋኑና የጎማ ከረጢቱ ከወጡ በኋላ ማሰሪያው ተፈትቶ ዘንጉ ይነሳል። ወዲያው ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ አንዲት ብሎን ካምቢዮው ውስጥ ብትወድቅ ከባድ ጣጣ ታመጣለች። የተሰበረ ቡሺንግ ስብርባሪም ታች ቀርቶ እንደሆነ እዩ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስተያዩ፦ የኳሱ ስፋትና የታችኛው ጫፍ ውፍረት አንድ መሆን አለባቸው። ግሪስ ቀብታችሁ አስገቡ። የጎማ ከረጢቱ የተቀደደ ከሆነ በአዲስ ይተካ፤ አለዚያ ጩኸት፣ ሙቀትና የዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሽፋኑን ከመመለሳችሁ በፊት ሞተሩ እንደጠፋ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሁሉንም ማርሽ፣ የኋላውንም ጭምር፣ አስገብታችሁ አውጡ። ከዚያ ሽፋኑን መልሳችሁ ድገሙት። ዘንጉ ማርሹ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ከሽፋኑ ጠርዝ ጋር የሚጋጭ ከሆነ መኪናው ከግቢ አይውጣ፤ ግማሽ የገባ ማርሽ ዳገት ላይ ተፈናጥሮ ይወጣልና።