ከስትሮክ በኋላ የክንድን እንቅስቃሴ በስልክ ቪዲዮ መለካት



ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚከሰት ሕመም ነው። በአካባቢያችን አንዳንዱ «ምች መታው» ሲል ሌላው «ጂን ነው» ይላል። ስሙ ምንም ይባል ምን ፊት በድንገት ሲጣመም፣ አንድ ክንድ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ሕመምተኛውን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ማድረስ ግድ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና በዚያ ሰዓት ስልክ የሚወጣው መኪና ለመጥራት እንጂ ለመቅረጽ አይደለም። የዛሬው ትምህርታችን ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ስላለው ረጅም ጊዜ ነው።

ለዚያራ የመጣ ሁሉ «እጅዎ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ነው። ከወር በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሲጠይቅም መልሱ ያው ነው። ሹክሩ ተገቢ ነው፤ ለባለሙያው ግን መለኪያ አይሆነውም። ክንዱ ካለፈው ወር ዛሬ ምን ያህል ተዘረጋ? ቤተሰብም በየቀኑ ስለሚያየው ለውጡን አያስተውለውም። ከፍኖተ ሰላም እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ወዳሉበት ባሕር ዳር ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቡሬም ቢሆን ቅርብ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው፣ የሞባይል ኢንተርኔትም የተቋረጠባቸው ወራት እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ቪዲዮ ለመቅረጽ ግን ኔትወርክ አያስፈልግም።

ባለሙያዎች ክንድን የሚመዝኑበት የቆየ ዘዴ አለ። አክሰል ፉግል-ማየር የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1975 በስዊድን ያወጡት መመዘኛ ለክንድና ለእጅ 33 ጥያቄዎች አሉት። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል፤ ድምሩ 66 ነው። ይህን ለመሙላት የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጉግል እንደሠራው ሚዲያፓይፕ ያሉ ፕሮግራሞች ከተራ ስልክ ቪዲዮ ላይ በሰውነት 33፣ በአንድ እጅ ላይ 21 ነጥቦችን ለይተው ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ የሚሠሩትን ማዕዘን በዲግሪ ያሰላሉ። በብዙ አገሮች ተመራማሪዎች ይህን ለስትሮክ ሕመምተኞች እየፈተሹት ነው። ሆኖም አንድ ካሜራ ርቀትን በደንብ አያይም፤ ክንዱ ወደ ካሜራው ሲመጣ ስሌቱ ይሳሳታል። ለቤተሰብ ፕሮግራሙ የግድ አይደለም። ዋናው ቪዲዮው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መቀረጹ ነው።

እንዲህ ይደረግ። ሕመምተኛው ሁልጊዜ አንዱ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ስልኩን በእጅ መያዝ አይገባም፤ ከደከመው ክንድ በኩል በጎን፣ 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ በደረት ቁመት አንድ ነገር ላይ ተደግፎ ይቁም። ብርሃኑ ከካሜራው በስተኋላ ይምጣ፤ በሩ ከሕመምተኛው ጀርባ ከሆነ የሚታየው ጥላ ብቻ ነው። ባዶ የቡና ስኒ ደህናው ክንድ ተዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ቦታው በከሰል ምልክት ይደረግበት። ከበስተኋላው ግድግዳ ላይም በትከሻው ትክክል አንድ መስመር ይሰመር። ቀኑን ጮክ ብሎ ተናግሮ በደህናው እጅ 3 ጊዜ፣ ቀጥሎ በደከመው 3 ጊዜ ስኒውን አንስቶ ወደ አፍ ማድረስ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ ይበቃል።

የግድግዳው መስመር ለምን አስፈለገ? ብዙ ጊዜ ቤተሰብ «ስኒው ላይ ደረሰ!» ብሎ ይደሰታል፤ ቪዲዮው ሲታይ ግን ክርኑ እንደታጠፈ ነው፣ ወደ ፊት የሄደው ወገቡ ነው። ሰውነት የደከመውን በሌላ ያካክሳል። ስኒው ላይ መድረስ ብቻውን ክንዱ መዳኑን አያሳይም። በቀጣዩ ወር ትከሻው ከመስመሩ ሳይርቅ ክርኑ ከተዘረጋ ግን ያ እውነተኛ ለውጥ ነው። ከፊት ለፊት ደግሞ ለተክቢራ እንደሚደረገው ሁለቱንም እጆች ሲያነሳ ይቀረጽ፤ የደከመው እስከየት እንደሚደርስ፣ ትከሻውም ወደ ጆሮ መሰቀሉ ወዲያው ይለያል። ጣቶቹ መያዝ ለጀመሩለት ሰው በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንት ባቄላ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው እንደሚያዛውር ይቆጠር። ሐኪም ቤቶች ይህንኑ በሳጥንና በእንጨት ኩቦች ያደርጉታል።

እህቶቻችንን የምትቀርጸው እህት ወይም የሚቀርጸው መሕረም ይሁን። ሰፊ ጂልባብ ክርኑን ስለሚሸፍን ጠበብ ያለ እጅጌ ይለበስ፤ ፊት መታየቱ አስፈላጊ አይደለም። ቪዲዮው የዐውራና የሕመም ጉዳይ ነውና በቴሌግራም ግሩፕ አይለቀቅ።

አንድ ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። ለውዱእ ሲያነሱት ወይም ከአልጋ ሲያወርዱት የደከመውን ክንድ ወይም ብብቱን ይዘው የሚጎትቱ ብዙዎች ናቸው። ጡንቻው የላላ ትከሻ በዚህ ከቦታው ይወጣል፤ የሚከተለው ሕመምም ለወራት ልምምዱን ያስተጓጉላል። በወገቡና በጀርባው በኩል መደገፍ፣ ሲቀመጥም ክንዱን ትራስ ላይ ማሳረፍ ይገባል። ሲቀረጽም ካመመው ወዲያው ይቁም።

ስለ ምግብ ባጭሩ፦ የቡሬ በርበሬ ጥፋት የለበትም፤ ጨው ግን በበርበሬውም በወጡም ሲጨመር ሳይታወቅ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በቀን ከ5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ እንዳይበልጥ ነው። የደም ግፊት መድኃኒትም «ተሽሎኛል» ተብሎ አይቋረጥም።

ለባለሙያው ሁሉንም ቪዲዮ ማሳየት አያስፈልግም፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጎን ለጎን ይታዩ፣ የባቄላው ቁጥርም ከነቀኑ በደብተር ይቅረብ። ቁጥሩ 2 ሳምንት በተከታታይ ከወረደ ወይም ትከሻው መታመም ከጀመረ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ባለሙያውን ማማከር ነው። ትናንት ስኒ ያነሳ ክንድ ዛሬ በድንገት ከዛለ ግን አዲስ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።