የአጃ ወተት አያያዝና የመበላሸቱ ምልክቶች

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባታችን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይታሰባል። ዕለቱ ኅዳር 15 ቀን በሚጀመረው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል፣ ለበዓሉ ለሚሰበሰበው ምእመን የሚቀርበው ማዕድ የጾም ማዕድ ነው። በአምባሰልና በተሁለደሬ የሚገኙ አጥቢያዎችም በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታና በየዝክሩ ለአረጋውያን፣ ለነዳያንና ከሩቅ ለመጡ እንግዶች የሚጠጣ ነገር ያዘጋጃሉ። ከጥንት ጀምሮ የምናውቃቸው የአጃ አጥሚት፣ የሱፍና የተልባ ውኃ ናቸው። አሁን ደግሞ የአጃ ወተት የሚባለው መጠጥ በከተሞች እየተለመደ መጥቷል። ከእንስሳት ተዋጽኦ የነጻ በመሆኑ ለጾም ይስማማል፤ ይሁን እንጂ እንደ ላም ወተት ሁሉ ፈጥኖ የሚበላሽ ነው። በዚህ ትምህርታችን አያያዙንና የመበላሸቱን ምልክቶች እንመለከታለን።

፩. የአጃ ወተት ምንድን ነው?

የአጃ ወተት የተፈተገ አጃ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶና ተጠልሎ የሚገኝ ነጭ ፈሳሽ ነው። በቤት ሲዘጋጅ ብዙውን ጊዜ ለ1 ኩባያ አጃ 4 ኩባያ ያህል ውኃ ይጨመራል። በፋብሪካ የሚመረተው ዓይነት መነሻው በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ሲሆን፣ የአጃው ስታርች በኢንዛይም ወደ ስኳር እንዲለወጥ ይደረጋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጠላ ስንጠምቅ ብቅሉ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር አንድ ነው። ፋብሪካው በከፍተኛ ሙቀት አፍልቶ በንጹሕ ካርቶን ስለሚያሽገው፣ እስኪከፈት ድረስ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ ግን በቤት ከተዘጋጀው እምብዛም አይለይም፤ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የቀን ገደብ ማለቅ አለበት።

፪. ለምን ይበላሻል?

ውኃ፣ ስታርችና ስኳር በአንድነት ያሉበት፣ ኮምጣጣነት የሌለው ምግብ ለባክቴሪያ ምቹ ማደሪያ ነው። ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይራባል። ባሲለስ ሴሬስ የተባለው ዓይነት በእህልና በአፈር ውስጥ ይገኛል፤ ስፖር የሚባለው ጠንካራ አካሉ በመፍላት አይሞትም። የፈላው አጃ ለብ እንዳለ ሲቀመጥ ስፖሩ ይነቃል፣ ይባዛል፣ መርዝም ይሠራል። ከሚሠራቸው መርዞች አንዱ ዳግም ቢፈላ እንኳ አይጠፋም። ስለዚህ «ጥርጣሬ ካለ እንደገና እናፍላው» የሚለው ልማድ አያድንም። በዚህ ዓይነት የተመረዘ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል፤ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን አደጋው ይከፋል።

፫. አዘገጃጀትና አያያዝ

ሀ) ሻጋታ የታየበት ወይም እርጥበት ያገኘው አጃ አይወሰድ። ሻጋታው ታጥቦ ቢወገድም መርዙ በእህሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ለ) ውኃው አስቀድሞ ይፍላ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነ ስፍራ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በአምባሰል ከፍታዎች ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በመሆኑም መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ሐ) እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ማጥለያው ጨርቅ ይቀቀል። አፉ ጠባብ የሆነ ጄሪካን ውስጡ በእጅ ስለማይታጠብ አይመረጥም፤ ሰፊ አፍና ክዳን ያለው ዕቃ ይሻላል። ዕቃን በወይራ ማጠን ለመዓዛው መልካም ነው፤ ነገር ግን የመታጠብን ቦታ አይተካም።

መ) ትኩስ የሚቀርብ ከሆነ ከ60 ዲግሪ በላይ እንደሞቀ ይቆይ። የሚቀዘቅዝ ከሆነ በትልቅ ድስት እንዳለ አይተው፤ በትንንሽና ጠፍጣፋ ዕቃዎች ተከፋፍሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቀመጥና ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ።

ሠ) በማቀዝቀዣ በ5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች የተቀመጠ፣ በቤት የተዘጋጀ የአጃ ወተት ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይጠጣ። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ አይሰጥ። መብራት ሲጠፋ በሩ ሳይከፈት የቆየ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው ለ4 ሰዓት ያህል ነው።

ረ) ማቀዝቀዣ በሌለበት አጥቢያ የሚበጀው ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ በዕለቱ ማዘጋጀት ነው። ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ጥቂት ያቀዘቅዛል እንጂ ለማሳደር አያበቃም። ደረቁን አጃ ግን በንጹሕና በደረቅ ስፍራ ማቆየት ይቻላል።

፬. የመበላሸቱ ምልክቶች

አስቀድመን ምልክት ያልሆነውን እንለይ። የአጃ ወተት ሲቀመጥ ውኃው ከላይ፣ አተላው ከታች ይሆናል፤ ይህ ተፈጥሮው ነው፣ ሲናጥ ይመለሳል። ሲሞቅ መወፈሩም ከስታርቹ የተነሣ ነው። የሚከተሉት ግን ብልሽትን ያመለክታሉ፦ የኮመጠጠ ወይም የሻገተ ሽታ፤ ቢናጥም የማይዋሐድ መርጋት፤ ቀዝቅዞ ሳለ እንደ ንፍጥ መጎተት፤ አረፋ ወይም ጋዝ፤ የቀለም መለወጥ ወይም ሻጋታ፤ የታሸገ ከሆነም የካርቶኑ መነፋት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀምሶ ማረጋገጥ አያስፈልግም፤ ይደፋ።

እንጀራችንም ጠላችንም የመብላላት ውጤት በመሆናቸው «ቢኮመጥጥ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ሊጥ የሚቦካው በታወቀ እርሾ ነው፤ ከዚያም በምጣድ ይጋገራል። ሳይታሰብ የኮመጠጠ የአጃ ወተት ግን ምን እንዳኮመጠጠው አይታወቅም። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን፣ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሽታና ጣዕም ሳይለውጥ ሊበዛ መቻሉን ነው። ስለዚህ ዋናው መመዘኛ አፍንጫ ሳይሆን የተዘጋጀበት ቀንና ሰዓት ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ይጻፍ።

፭. የመድፋት ኀዘን

በስለት የመጣን ወይም ከድኻ እጅ የተሰጠን እህል መድፋት እንደሚከብድ እናውቃለን። የኮሚቴ አባላት «የእግዚአብሔር እህል ነው» ብለው ሲያመነቱ፣ ሰጪውም እንዳይቀየም ሲፈሩ፣ የተጠረጠረው መጠጥ በመጨረሻ ለነዳያን የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህ ሊሆን አይገባም። ለራሳችን ልጅ የማንሰጠውን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው ወገናችን መስጠት ምጽዋት አይባልም። ጌታችን አምስቱን የገብስ እንጀራ ካበረከተ በኋላ የተረፈው ፍርፋሪ እንዲሰበሰብ ማዘዙ እህልን ማባከን እንደማይገባ ያስተምረናል። ቁጠባው ግን ከመዘጋጀቱ በፊት በልክ ይደረግ፤ ከተበላሸ በኋላ በሰው ሆድ አይደረግ። ስለሆነም ሰበካ ጉባኤው የመድፋት ሥልጣን ያለው አንድ ኃላፊ ይሰይም፤ ውሳኔውንም ካህናቱ ያጽኑለት።

በመጨረሻም የአጃ ወተት የእናት ጡትን እንደማይተካ ለእናቶች ይነገር። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይጠባል። ጠጥቶ ያመመው ሰው ቢኖርም ኦ አር ኤስ እየተሰጠው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን የዝክርና የበዓል መጠጥ በየትኛው ዕቃ ይቀመጣል? ውስጡ በእጅ ይታጠባልን?
2. መጠጡ ከተዘጋጀበት እስከሚታደልበት ስንት ሰዓት ይቆያል? የሚመዘግበውስ ማን ነው?
3. የተጠረጠረውን ለመድፋት የሚወስነው ማን ነው? ስጦታውን ላመጣው ምእመንስ እንዴት እናስረዳዋለን?