ሁለቱ የሲዶና ሴቶች

ሰው አገሩን ለቆ ወደ ባዕድ ምድር በሄደ ጊዜ ከእንጀራ አስቀድሞ የሚናፍቀው በስሙ ጠርቶ ደኅንነቱን የሚጠይቀውን ጎረቤት ነው። ይልቁንም ሴት ልጅ ለብቻዋ ተሰዳ በሰው ቤት ስታገለግል፣ ብታዝን የምታጽናናት፣ ብትታመም ውኃ የምታቀብላት እኅት ያስፈልጋታል። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን ስደተኛ ከሚኖርበት አገር ሴቶች ዘንድ ስለሚያገኘው ወዳጅነትና መስተንግዶ፣ ይህም በእኛ ላይ ስለሚያመጣው ዕዳ ጥቂት እንናገራለን።

የእግዚአብሔርን ነቢያት ታስገድል የነበረችው ንግሥት ኤልዛቤል የሲዶናውያን ንጉሥ ልጅ እንደ ነበረች የታወቀ ነው (1ኛ ነገ. 16፥31)። ነገር ግን ድርቅ ጸንቶ ወንዙ በደረቀ ጊዜ እግዚአብሔር ኤልያስን የላከው ወደዚያው ወደ ሲዶና ምድር፣ ሰራፕታ ወደምትባል ከተማ ነበር (1ኛ ነገ. 17)። ይህችም ስፍራ ዛሬ በደቡብ ሊባኖስ፣ በሲዶናና በጢሮስ መካከል በባሕር ዳር የምትገኘው ሰራፈንድ ናት። በዚያም ነቢዩን የተቀበለችው አንዲት ድኻ መበለት ናት። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ነቢያትን የምታስገድለውም ነቢዩን የምትመግበውም ሁለቱም የአንድ አገር ሴቶች ነበሩ።

ወዳጅነታቸው እንዴት እንደ ተጀመረም መመርመር ይገባል። መበለቲቱ በከተማው በር እንጨት ስትለቅም ነቢዩ አስቀድሞ የለመናት ጥቂት ውኃ ነው፤ ቀጥሎም ቁራሽ እንጀራ ለመናት። እርስዋም የቀራትን እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት አልደበቀችም። ጌታችንም ከሳምራዊቷ ሴት ጋራ ንግግሩን የጀመረው ውኃ በመለመን ነው (ዮሐ. 4)። እኛ ኢትዮጵያውያን መለመንን እንደ ውርደት እንቈጥራለን፤ ሆኖም እንግዳ ጥቂት ነገር ሲለምን ለባለቤቱ መስጫ በር ይከፍትለታል።

ሞዓባዊቷ ሩት ደግሞ ሌላ መንገድ ታስተምረናለች። ወደ ቤተ ልሔም በገባች ዕለት የከተማው ሴቶች የጠየቁት ስለ ኑኃሚን ብቻ ነበር፤ ሩትን ስም የጠራት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ገብሱና ስንዴው እስኪሰበሰብ ድረስ ከቦዔዝ ሴቶች ሠራተኞች ጋራ ስትቃርም ሰነበተች። በመጨረሻም እነዚያው ሴቶች ከሰባት ወንዶች ልጆች እንደምትሻል መሰከሩላት፤ ልጅዋንም ኢዮቤድ ብለው ስም ያወጡለት ጎረቤቶችዋ ነበሩ (ሩት 4)። ወዳጅነት አብሮ በመሥራትና በጊዜ ብዛት ይበቅላልና።

ይህ ሁሉ ዛሬም ይታያል። በሊባኖስ የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ብዙዎች ናቸው። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋራ የተሳሰረ በመሆኑ ከቤት የወጣች ዕለት መጠጊያዋን ሁሉ ታጣለች። በ2012 ዓ.ም. የአገሩ ገንዘብ ዋጋ በወደቀ ጊዜ አሠሪዎቻቸው ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በቤይሩት ጎዳና ላይ የተዉአቸው ነበሩ። ከንስሐ ልጆቻችን አንዲቱ ከእነዚህ መካከል ነበረች፤ ታሪክዋንም እንድንናገረው ፈቅዳልናለች። ሻንጣዋን ይዛ በደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ በታችኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት የአገሩ መበለት ወጥታ እጅዋን ይዛ አስገባቻት። ከዚያ በፊት የሚተዋወቁት ልጅቱ አንድ ቀን ጨው ለምናት በሰጠቻት ብቻ ነበር። እስከ መመለሻዋም ድረስ አብረው ኖሩ። መበለቲቱ የእኛን ጾም ጠይቃ ከተረዳች በኋላ ቅቤ ያልነካው ምስር ለብቻ ትሠራላት ነበር።

እናትዋ ይህን በሰማች ጊዜ አልቅሳ ያችን መበለት መረቀች፤ ስለ እርስዋም ሻማ አበራች። በዚያው ወራት ግን አንዲት ኤርትራዊት ስደተኛ ልጅ አዝላ የጓሮውን ክፍል ልትከራይ ብትጠይቃት «የማላውቃትን ሰው አላስገባም» ብላ መለሰቻት። እኛም ያችን ሴት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ ብዙ ጊዜ አይተናታል፤ መስቀል አሳልመናት እናልፋለን እንጂ ወዴት እንደምታድር አልጠየቅናትም። ይህን በደላችንን ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

ልጅቱ ተመልሳ ነገሩን ስትሰማ እናትዋን «እማዬ፣ እኔንስ ያቺ ሴት የምታውቀኝ አንድ ቀን ጨው በመለመኔ ብቻ አልነበረምን?» አለቻት። እናትዋም መልስ አጣች፤ በማግሥቱም ክፍሉ ተከፈተ። ዛሬ ስደተኛዪቱ በእሑድ ቡና ላይ ሕምባሻ ጋግራ ትመጣለች፤ ልጅዋም ባለቤቲቱን አያቴ ይላታል።

እንግዲህ ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ እኅቶች ሆይ፣ አንዲት ኤልዛቤል ብታስመርራችሁ አገሩን ሁሉ አትርገሙ፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ ጥቂቱን ነገር ለመለመን አትፈሩ። በአገር የቀራችሁ እናቶችም በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር የማታውቋትን ሴት ስምዋን ጠይቃችሁ በአጠገባችሁ አስቀምጧት። እኛም ካህናት ከማሳለም ጋራ ማደሪያዋን እንጠይቅ። በባሕር ማዶ ያለች ልጃችንን የሚቀበልልን በር እንዲከፈት እየጸለይን የራሳችንን በር ልንዘጋ አይገባንምና።

የመበለቲቱን ማድጋ ያላጐደለ አምላክ ስደተኞቻችንን ይጠብቅልን፤ ለእኛም እንግዳ የምንቀበልበትን ልብ ይስጠን፤ አሜን።